720,720፦ ከ1 እስከ 16 ስንትም ብንሆን ቀሪ የማይተው ቁጥር

የኮዬው ጸሐፊ
ቅዳሜ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ደረጃ የምንጋራ 16 ቤት ነን። ለጽዳት፣ ለአምፖልና ለውሃ ፓምፕ በየወሩ እናዋጣለን። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ጳጉሜ ላይ የተረፈውን ብር፣ ዓመቱን ሙሉ ላዋጡ ቤቶች እኩል እናካፍላለን። ግን የቤቶቹ ቁጥር አይረጋም። አንዱ ቤቱን ያከራያል፣ ሌላው ለሥራ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ አንዳንዱ መሃል ላይ ማዋጣቱን ያቆማል።

አምና 10,000 ብር ተረፈ። ያዋጡት 13 ቤቶች ነበሩ። ለእያንዳንዱ 769 ብር ከ23 ሳንቲም ደረሰ። አንድ ሳንቲም ቀረች። በአንድ ሳንቲም የተጣላ ሰው የለም። ግን መዝገቡ ላይ «ቀሪ 0.01» ብዬ ስጽፍ ልጄ አየችኝ። 7ኛ ክፍል ናት። «አባዬ፣ ከ1 ቤት እስከ 16 ቤት ስንትም ቢሆኑ ምንም የማይተርፈው ብር የለም?» አለችኝ።

እኔ ቶሎ የመጣልኝ ሁሉንም ማባዛት ነበር። 1 በ2፣ በ3፣ በ4 እያልኩ እስከ 16። ስልኬ 20,922,789,888,000 አለኝ። ወደ 21 ትሪሊዮን መሆኑ ነው። ልጄ ግን «12 ውስጥ እኮ 3ም 4ም አሉ፣ ለምን እንደገና ታበዛቸዋለህ?» ብላ ደብተሯን ይዛ ተቀመጠች። ከራት በኋላ 720,720 ብላ መጣች።

በስልኬ አንድ በአንድ ሞከርኩት። በ7፣ በ11፣ በ13፣ በ16፤ ሁሉም ልክ ይገባል። ደስ አለኝ። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ከዚህ የሚያንስ የለም? ደግሞስ 720 ለምን ሁለቴ ተደገመ? በአጋጣሚ ነው?

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ
ቅዳሜ ማታ 2፡55

ልጅዎን እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ። ትክክል ናት፤ ከዚህ የሚያንስ የለም። ለምን እንደሆነ ደብተር ላይ እንደምናደርገው ላሳይ።

ቁጥሩ በ16 መካፈል አለበት። ስለዚህ ውስጡ አራት 2 ይኑር፤ 2×2×2×2። በ9ም መካፈል አለበት፤ ሁለት 3 ይኑር። ከዚያ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለማንም አይካፈሉም። ከሌላ ቁጥር ሊወጡ አይችሉምና አንድ አንድ ጊዜ መግባት አለባቸው። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ከ1 እስከ 16 ካሉት ቢያንስ አንዱ አይገባም። ከዚህ በላይ ደግሞ የሚያስፈልግ የለም። 6 ከ2 እና ከ3 ይወጣል። 10፣ 12፣ 14፣ 15 ሁሉም ካሉት ይሠራሉ። በትምህርት ቤት ትንሹ የጋራ ብዜት የምንለው ይኼው ነው።

አሁን በቅደም ተከተል አባዙት። 16×9 = 144። በ5 ሲባዛ 720። በ7 ሲባዛ 5,040። በ11 ሲባዛ 55,440። በ13 ሲባዛ 720,720።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል። አጋጣሚ አይደለም። 720 ላይ ደርሰን የቀሩን 7፣ 11 እና 13 ነበሩ። የሦስቱ ብዜት 1,001 ነው። አንድን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በ1,001 ማባዛት ማለት በ1,000 አባዝቶ ራሱን አንዴ መደመር ነው። 720,000 ሲደመር 720። በቃ፣ ቁጥሩ ራሱን ደገመ።

ልጅዎ ከጓደኞቿ ጋር ትሞክረው። ማንኛውንም ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ጽፈው ይድገሙት። ለምሳሌ 358,358። በ13 ሲካፈል 27,566። እሱ በ11 ሲካፈል 2,506። እሱ ደግሞ በ7 ሲካፈል 358። የጀመሩበት ቁጥር ይመለሳል። ክፍል ውስጥ ሳሳያቸው ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች ሳይቀሩ እጃቸውን ያወጣሉ።

ባለሱቁ ከገላን
ቅዳሜ ማታ 3፡30

መምህርት፣ ይህቺ 1,001 ለሌላም ትሆናለች? በ3 እና በ9 መካፈሉን አሃዞቹን ደምሬ አውቃለሁ። በ7 እና በ13 ግን እስከ ዛሬ ዘዴ አላገኘሁም። ሁልጊዜ ካልኩሌተር ነው።

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ
ቅዳሜ ማታ 3፡42

ትሆናለች እንጂ። ቁጥሩን ከኋላ ጀምረው ሦስት ሦስት አሃዝ ይክፈሉት። ባለ ስድስት አሃዝ ከሆነ ከሁለቱ ክፍሎች ትልቁን በትንሹ ይቀንሱት። የቀረው በ7 ከተካፈለ ዋናውም በ7 ይካፈላል። በ11 እና በ13ም እንደዚያው ነው።

483,769ን እንውሰድ። 769 ሲቀነስ 483፣ 286 ነው። 286 ደግሞ 2×11×13። ስለዚህ 483,769 በ11ም በ13ም ይካፈላል፣ በ7 ግን አይካፈልም። ወረቀትም ካልኩሌተርም አልፈለግንም። 720,720 ላይ ሲሞክሩት 720 ሲቀነስ 720 ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ለሦስቱም ይካፈላል።

ልጅ (አያት ሰፈር)
ቅዳሜ ማታ 4፡10

እኔ ኮድ እጽፋለሁና ወዲያው ኮምፒውተሬ ላይ ሠራሁት። 720,720 ስንት አካፋይ እንዳለው ታውቃላችሁ? 240! ከ1 እስከ አንድ ሚሊዮን ካሉት ቁጥሮች ከ240 በላይ አካፋይ ያለው አንድም የለም። 240 ያላቸው አምስት ናቸው፤ 720,720፣ 831,600፣ 942,480፣ 982,800 እና 997,920። የኛው ከአምስቱ ትንሹ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ጎረቤቶቹ 720,719 እና 720,721 ከ2 እስከ 16 ላለ ለማንም አይካፈሉም። ሁልጊዜ 1 ይተርፋል ወይም 1 ይጎድላል። ስለዚህ ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው ማለት ነው። ደስ አይልም?

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ
እሁድ ጠዋት 1፡15

240ው ትክክል ነው። ኮምፒውተር ሳይኖርም ይቆጠራል፤ ለጸሐፊው ልጅ ስል ልጻፈው። አካፋይ መሥራት ማለት ከነዚያ ብቸኛ ቁጥሮች መርጦ ማባዛት ነው። ከ2 ስንት እንውሰድ? ምንም፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት፤ 5 ምርጫ። ከ3 ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት፤ 3 ምርጫ። ከ5፣ ከ7፣ ከ11 እና ከ13 መውሰድ ወይም መተው፤ 2፣ 2 ምርጫ። 5×3×2×2×2×2 = 240።

የጎረቤቶቹ ነገር ግን ልክ አይደለም፣ ወንድሜ። እስከ 16 ላለ ቁጥር አለመካፈልና ብቸኛ መሆን ይለያያሉ። ሌሊት ቁጭ ብዬ በእጄ ሠራሁት። 720,719 = 31×67×347። 720,721 ደግሞ 71×10,151። ሁለቱም ብቸኛ አይደሉም።

ይህን ስህተት በየዓመቱ አየዋለሁ፤ ምንጩም የተከበረ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሂሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ሲያሳይ፣ ያሉንን አባዝተን 1 እንጨምር ይላል። ብዙ ሰው ውጤቱ የግድ ብቸኛ ይሆናል ብሎ ይይዘዋል። ኤውክሊድ ያለው ግን ሌላ ነው። ውጤቱ በያዝናቸው አይካፈልም፤ ስለዚህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይ ያልያዝነው ሌላ ብቸኛ ቁጥር ውስጡ አለ። 2×3×5×7×11×13 = 30,030። 1 ሲጨመር 30,031፣ እሱም 59×509 ነው። 59 እና 509 ዝርዝራችን ውስጥ አልነበሩም። ማስረጃው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ልጅ (አያት ሰፈር)
እሁድ ጠዋት 2፡05

መምህርት፣ አመሰግናለሁ። ኮዱ ላይ አሂጄ አየሁት፣ እንዳሉት ነው። 10,151 ራሱ ብቸኛ መሆኑንም አረጋገጥኩ። እስከ ዛሬ ያንን ማስረጃ በተሳሳተ መንገድ ነበር የያዝኩት።

30,030ን ሲጽፉ ግን አንድ ነገር አየሁ። 720,720 በ24 ሲካፈል ልክ 30,030 ነው። ማለትም 720,720 ሰዓት 30,030 ቀን ይሆናል። ወደ 82 ዓመት ከሁለት ወር ተኩል። አያቴ ያረፉት በ82 ዓመታቸው ነበር። የሳቸውን ዕድሜ በሰዓት ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

የአብነት ተማሪ (ለገጣፎ)
እሁድ ቀን 6፡30

ከቅዳሴ መልስ አነበብኳችሁ። በግዕዝ ቁጥር ልጻፈው ብዬ ነው የገባሁት። ፸፪፼፯፻፳። ፼ አሥር ሺህ ነው፤ እልፍ የምንለው። 72 እልፍ ከ720 ማለት ነው። አያችሁ? የ720 መደገም ጠፋ። በኛ አጻጻፍ ዜሮ የለም፣ ቁጥሩም የሚከፈለው በሺህ ሳይሆን በእልፍ ነው። ስለዚህ ያ የ1,001 ምስጢር ለዓይን አይታይም። በ16 እና በ13 መካፈሉ ግን አይለወጥም። መደገሙ የአጻጻፉ ነው፣ መካፈሉ የቁጥሩ የራሱ ነው።

ሌላው፣ ጸሐፊው የፈለጉት የጋራ ብዜት በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር፣ አለ። 19 ዓመት ንዑስ ቀመር ነው። 19 በ4 ሲባዛ 76፣ ማዕከላዊ ቀመር። 76 በ7 ሲባዛ 532፣ ዐቢይ ቀመር። 7 የሳምንቱ ዕለታት፣ 4 የወንጌላውያን ዘመን፣ 19 የጨረቃ ዑደት። ሦስቱ አብረው ወደ ጀመሩበት የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው። ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዝም ብሎ ማባዛት በቂ ሆነ። የእናንተ 720,720 ግን ለ532 አይካፈልም፣ 19 ውስጡ የለማ። 392 ይተርፋል።

ደግሞ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ጸሐፊው ቀሪን ሊያጠፉ ይፈልጋሉ። ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ግን ሥራውን የሚሠራው ቀሪው ነው። 2018 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5,500 ሲጨመር 7,518 ዓመተ ዓለም። በ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። 395ቱን እንተወዋለን። ከ13 አንድ ቀንሰን 12፤ ወንበር ይህ ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (በ30 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 12፤ አበቅቴ። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ። ሁለቱ ሲደመሩ 30። ጾምና በዓላቱ የሚወጡት ከነዚህ ቀሪዎች ነው። የኔታ ሲያስተምሩን ድርሻውን ጻፉ ብለውን አያውቁም፣ ምንጊዜም ቀሪውን ነው።

የኮዬው ጸሐፊ
እሁድ ቀን 8፡10

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፸፪፼፯፻፳ን ደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋዋለች። አሁን የምትጠይቀኝ «17ኛ ቤት ቢጨመርስ?» እያለች ነው።

ባለሱቁ ከገላን
እሁድ ቀን 8፡25

እኔ ልመልስ፣ ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። 17 ብቸኛ ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ማባዛት ግድ ነው። 720,720×17 = 12,252,240። አንድ ጎረቤት ሲጨመር ቁጥሩ 17 እጥፍ ሆነ። 18ኛው ቤት ሲመጣ ግን ምንም አይጨመርም። 18 ማለት 2×9 ነው፣ ሁለቱም ውስጡ አሉ። 19 ደግሞ ብቸኛ ነው፤ 232,792,560። 20ኛው ሲመጣ እንደገና በነጻ ይገባል። ልክ ነኝ?

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ
እሁድ ቀን 8፡40

ፍጹም ልክ ነዎት።

የሂሳብ ተማሪ (አቃቂ)
እሁድ ማታ 1፡50

ውይይቱን ዘግይቼ አየሁት። ዩኒቨርሲቲ የቁጥር ቲዎሪ ስለወሰድኩ ጥቂት ልጨምር። 720,720 በዓለም የታወቀ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። ከበታቹ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ የበለጠ አካፋይ ያለው ቁጥር የራሱ ስም አለው። ሕንዳዊው ሽሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1915 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ቁጥሮች ረጅም ጥናት አሳትሟል። 12፣ 24፣ 60 እና 360 የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሰዓታችን 12፣ ቀኑ 24፣ ደቂቃው 60፣ ክቡ 360 ዲግሪ የሆነው ለመካፈል ስለሚመቹ ነው ቢባል ማንም አይደነቅም። ከ720,720 በፊት ያለው 554,400 ነው፤ 216 አካፋይ አለው። ቀጣዩ 1,081,080፣ 256 አካፋይ አለው።

መምህርት ሲያባዙ መሃል ላይ 5,040 አልፈዋል። ፕላቶ አንድ ከተማ 5,040 አባወራ ይኑራት ብሎ ነበር። ምክንያቱ የጸሐፊው ምክንያት ነው፤ መሬትም ሆነ ግዴታ ለማከፋፈል ይመቻል። ከ1 እስከ 10 ላሉት ሁሉ ይካፈላል፣ ለ12ም። የሚያስቸግረው 11 ብቻ ነው። ፕላቶም ይህን አይቶታል፤ ሁለት አባወራ ቢቀነስ ይስተካከላል አለ። እውነትም 5,038 በ11 ሲካፈል 458 ነው። እኔ ኮንዶሚኒየም ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ብሎክ፣ ደረጃ፣ ቤት እያሉ ሰዎችን በቁጥር ማደራጀት አዲስ ሐሳብ አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው። የ720,720ን አካፋዮች ሁሉ ብንደምር 3,249,792 ይመጣል። ለራሱ ለ720,720 ስናካፍለው 4.509 ገደማ ነው። ከአካፋዮቹ ብዛት የተነሣ ድምሩ ቁጥሩን ከአራት ጊዜ ተኩል በላይ አለፈ። ይህ ውድር ምን ያህል ሊያድግ ይችላል? ፈረንሳዊው ጋይ ሮቢን በ1984 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጣሪያ ወስዶ የሚደንቅ ነገር አረጋገጠ። ከ5,040 በላይ ያለ ሙሉ ቁጥር ሁሉ ከጣሪያው በታች ከሆነ የሪማን ግምት (ከብቸኛ ቁጥሮች አደላደል ጋር የተያያዘው ታዋቂ ግምት) እውነት ነው። አንድ ቁጥር እንኳ ካለፈው ውሸት ነው። ለ720,720 ጣሪያው 4.63 ገደማ ነው። 4.509 ከበታቹ ነው፣ ግን ቀረብ ብሏል። የሪማን ግምት ከ1859 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ያልፈታው ነው። የኮዬ ልጅ ያገኘችው ቁጥር የዚያ ጥያቄ ጎረቤት ነው ማለት ነው። ይህን ንገሯት።

ልጅ (አያት ሰፈር)
እሁድ ማታ 2፡15

ያንን ጣሪያ ዛሬ ማታ ኮድ ላይ እሠራዋለሁ። እስከ አንድ ሚሊዮን ላሉት ውድሩን እያወጣሁ ልይ።

ባለሱቁ ከገላን
እሁድ ማታ 2፡40

ሁሉም ያምራል። ግን ጸሐፊው የመጡበት ጉዳይ ቀረ። ደረጃቸው 720,720 ብር አይኖረውም። ጸሐፊው፣ ዘንድሮ ስንት ይተርፋል ብለው ይገምታሉ? የሚያዋጡት ቤቶችስ ቢያንስ ስንት ናቸው?

የኮዬው ጸሐፊ
እሁድ ማታ 2፡55

ወደ 24,000 ብር የሚተርፍ ይመስለኛል። ፓምፑ ዘንድሮ አልተበላሸም፣ ተመስገን። ቤቶቹ ደግሞ ከ12 አንሰው አያውቁም። ከ12 እስከ 16 ናቸው።

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ
እሁድ ማታ 3፡05

እንግዲያው ለሁሉም መልስ አያስፈልግም። ከ12 እስከ 16 ላሉት አምስት ቁጥሮች ብቻ የሚካፈለውን ልጅዎ ትፈልግ። እኔ አልናገርም። የመጀመሪያውን የሠራች ይህኛው አይከብዳትም።

የኮዬው ጸሐፊ
ሰኞ ማታ 1፡30

አገኘችው። 21,840።

በራሷ አባባል ልጻፈው። «16 ስላለ 2 አራት ጊዜ። 9 ስለሌለ 3 አንድ ጊዜ ይበቃል። 15 ስላለ 5። 14 ስላለ 7። 13 ራሱ። 11 አያስፈልግም።» 16×3×5×7×13።

መዝገቡ ላይ አስቀመጥነው። 12 ቤት ከሆንን ለእያንዳንዱ 1,820 ብር። 13 ከሆንን 1,680። 14 ከሆንን 1,560። 15 ከሆንን 1,456። 16 ከሆንን 1,365። ሳንቲም የሚባል የለም። 24,000 ከተረፈ 21,840ውን እናካፍላለን፤ 2,160 ብር ለአምፖልና ለመጥረጊያ ሣጥኑ ውስጥ ይቆያል። ትናንት ማታ ለሁለት ጎረቤቶቼ አሳየሁ፣ ተስማሙ። ቀሪዎቹን ስብሰባ ላይ አነጋግራለሁ።

ከዚያ ልጄ 720,720ን በ21,840 አካፈለችው። 33 መጣ። «አባዬ፣ የጣልኩት እኮ ይኼው ነው፤ አንድ 3 እና 11» አለች። ቀጥላ ከ1 እስከ 16 አንድ በአንድ ሞከረችው። የማይገቡት ሁለት ብቻ ሆነው አገኘቻቸው፤ 9 እና 11።